ሦስተኛው ነጥብ፣ ሲጠብቅና ሲላላ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ይህ ደብተር የልጅ ልጄ የኦብሴ ነበር። ሒሳብ ጽፋበት አራተኛው ገጽ ላይ ትታዋለች። ምነው ብላት «አለቀ» አለችኝ። አላለቀም፤ ሠላሳ ስድስት ቅጠል ባዶ ነው። የተጻፈባቸው ገጾች ላይ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ አድርጎባቸዋል። ወረቀት ሲባክን አልወድም። ስለዚህ እኔ እጽፍበታለሁ።

ድሮ የሚወራ ነገር ሲኖረኝ ጡሩምባ ነበረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ድምፄ ከላፍቶ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን እድሩ በቴሌግራም ነው የሚልከው። ሰዉ ቀብር አርፍዶ መጥቶ «ኔትወርክ አልነበረም» ይላል። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

የምጽፈው በቀን ነው፣ ደጃፌ ፀሐይ ላይ። ሲመሽ ዓይኔ ፊደሉን ይደራርበዋል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ኦብሴን ጠዋት ሆዷን አመማት። ከጓሮ ጤና አዳም ቆርጬ በሻይ አጠጣኋት። የትምህርት ቤቱ ደወል ከተደወለ በኋላ ዳነች። ጤና አዳም ጥሩ መድኃኒት ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ዛሬም ሆዷን። ጤና አዳም። ከደወሉ በኋላ ዳነች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኑረዲን ሱቅ በር ላይ ሰው ወረቀት ይቀባበላል። የምርጫ ወረቀት ነው። ወይዘሮ እማዋይሽ የምትባል ሴት ለከተማው ምክር ቤት በግሏ ትወዳደራለች፣ ምልክቷ መሰላል ነው። ሃያ ዓመት አስተማሪ ነበረች አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስለ ልጆች ትምህርት ብቻ ነው። ስለ መንገድ የለም፣ ስለ ውኃ የለም።

ኑረዲን ሰው ፊት «ጋሽ ዳባ፣ ላንብብልህ?» አለኝ።

«ዓይን የለኝም እንዴ?» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ራሴ ጨረስኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ውዳሴ የምትባል ተማሪ ናት ያስተማረችን፣ ቢሆናት አሥራ ሰባት ዓመት ነው። «ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይነግራችሁም፤ አጥብቃችሁ አንብባችሁ ትርጉሙ እምቢ ካላችሁ አላልታችሁ ሞክሩ» ትለን ነበር። ዛሬ ጠቀመኝ። ሁለተኛው ነጥብ «ሕፃናት ሁሉ በትምህርት ቤት ይበላሉ» ይላል። አጥብቄ አነበብኩትና ደነገጥኩ። ማን ነው የሚበላቸው? ጅብ ላፍቶን ከለቀቀ ስንት ዓመቱ! አላልቼ ብሞክረው ለካ ምሳ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ግን አንጀቴን አራሰው። «በትምህርት ቤት ማንም ልጅ አይመታም።» አላልቼ አነበብኩት፣ ወዲያው ትርጉም ሰጠኝ። እሰይ! የዘንድሮ ልጅ አይደል በየመንገዱ በቦርሳ የሚደባደበው? ባለፈው ኮንዶሚኒየሙ ሥር ሁለት ተማሪዎች ሲቧቀሱ የጥበቃውን ቆብ ጥለውበታል። ልጅ መምታት የለበትም። መምታት የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ትርጉም ከሰጠኝ ደግሞ አጥብቄ ልሞክረው ምን አስጨነቀኝ?

እኔ ድሮም የጠበቀ ትምህርት ነው የምወደው። በመስከረም የኦብሴን የሒሳብ መምህር እጁን ጨብጬ «ጠበቅ አድርገህ ያዛት፣ አትራራላት» ብዬዋለሁ። አደራዬን ተቀብሎኛል።

ይቺን ሴት እመርጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሆዷን። የእኛ ጤና አዳም ተመናምኖ ከጎረቤት ቆረጥኩ።

ምራቴ ማናዬ ለቡ ልብስ ስፌት ስለምትሠራ ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ልጄ ፍሮምሳ ሚኒባሱ ላይ ነው፣ ከላፍቶ ሜክሲኮ። ኦብሴን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ስትቀርም የማውቀው እኔ ነኝ።

ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። አሥራ አራት ቀን ቀርታለች ይላል። ሃያ ከሞላ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ አትቀመጥም፤ ሦስተኛ ክፍልን ትደግማለች።

ለማናዬ ልነግራት ነበር፣ ረሳሁ።

አልረሳሁም። ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ሆዷን። አሥራ አምስት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ጡሩምባዬን ከእድሩ ዕቃ ቤት አወጣሁት። ድስትና ድንኳን መሃል ተወሽቆ ሸረሪት አድርቶበታል። ወልውዬ ኑረዲን ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ነፋሁት።

ወይ ጉድ! ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ኑረዲን የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርዶ «ማን ነው? ማን ሞተ?» ይላል።

«ማንም አልሞተም! ስለ ልጆች ትምህርት ነው። መሰላልን ምረጡ! በትምህርት ቤት ማንም ልጅ አይመታም!»

«ልጆቹ ደግሞ ማንን መቱ?» አለ ኑረዲን።

«እሱንማ ያንተን ልጅ ጠይቀው።»

«ኧረ ጋሽ ዳባ፣ ልቤን ነው ያወረድከው። እኔ እኮ አንተ የሞትክ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ከሞትኩ ማን ይነፋል?»

ሰዉ ሳቀ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ገባ። እኔ ስምንት ብሎክ ዞርኩ። ጉልበቴን አሞኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ደራርቱ ነፍሷን ይማርና ብትኖር «ማን ላከህ?» ትለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

አሥራ ስድስት። ቸኩያለሁ፣ ብስራተ ገብርኤል ድረስ በጡሩምባ ልሄድ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

ወይዘሮ እማዋይሽ ራሷ ቤቴ መጣች! ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፤ በእግሯ ነው የምትዞረው።

«ጡሩምባ የሚነፉት አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«አባቴ፣ የቀረውን ነጥብ ሰው ይቀበለኛል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ትልልቅ ሰዎች ይቆጡኛል። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ መደገፍዎ በጣም ነው የገረመኝ።»

«የዛሬ አቋሜ አይደለም፣ ልጄ። ድሮም እንዲህ ነኝ። ልጆቼ ይጠየቁ።»

ከሥራ የገባችው ማናዬ ጓዳ ሆና ሳል ያዛት።

እሑድ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ አለ። «ስለ ሦስተኛው ነጥብ በራስዎ ቃል ይናገሩልኝ፣ ስብሰባውን እርስዎ ይክፈቱት» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷ ከወጣች በኋላ ማናዬ መጣችብኝ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሦስተኛው።»

«በወረቀት የተጻፈ ነገር እኮ ነው!» አልኳት። እየሳቀች ሽንኩርቷን ልትልጥ ገባች። ምን እንዳሳቃት አላውቅም።

ደብዳቤውን ዛሬም አልሰጠኋትም። ደስ ብሏት ስለነበር ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

አሥራ ሰባት። ኦብሴ ሆዷን ይዛ ተኝታ ሳለ የምርጫውን ወረቀት ከኪሴ አውጥታ አነበበችው። እሷ ስታነብ እንደ ውኃ ነው። እኔን በኦሮምኛ አካኮ፣ አያቴ ነው የምትለኝ።

«አካኮ፣ እውነት ነው? ማንም ልጅ አይመታም?» አጥብቃ ነው ያነበበችው። ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«ተሳሳትሽ፤ አላልተሽ አንብቢው» አልኳት።

መስመሩን በጣቷ ተከትላ ደግማ አነበበችው። «በኦሮምኛ ቢጻፍ እኮ አንሳሳትም ነበር። የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የምንጽፈው» አለችና መለሰችልኝ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ጎበዝ ልጅ ናት፣ ለእኔም ታስረዳለች። ምን እንዳስከፋት ግን አልገባኝም። ዛሬ ጤና አዳሙንም እምቢ አለች።

እሑድ፣ ግንቦት 2

አልጽፍም።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

እጽፋለሁ። ደብተሩ አይስቅም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ፊት ምንጣፍ ላይ፣ ማናዬና ኦብሴም መጥተዋል። ኮቴን ለብሼ ተነሳሁና ማይክራፎኑን እምቢ አልኩ፤ ለእኔ ድምፅ ማይክራፎን ምን ያደርጋል?

«ጎረቤቶቼ! ወይዘሮ እማዋይሽ እውነት ብላለች። ማንም ልጅ አይመታም! ልጅ ከመታ ደግሞ አስተማሪው በደንብ አድርጎ ይምታው!»

አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አዳራሹ ሁሉ። ወይዘሮ እማዋይሽ ወረቀቷን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ኑረዲን ከኋላ ተነሥቶ «ጋሽ ዳባ! አጥብቀው! አጥብቀው እንጂ!» ይላል። እኔ ጠንከር በል ያለኝ መስሎኝ እስከ ጉሮሮዬ ጮህኩ። «ማንም ልጅ አይመታም!» ሰዉ ወንበር ላይ ተጋደመ። የእድሩ ሊቀመንበር እንባውን ይጠርጋል።

ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች። ኦብሴ ከምንጣፉ ተነሥታ ወደ እኔ መጣችና ቀስ ብላ «አካኮ፣ መ ላይ ነው የሚጠብቀው» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ጡሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

አሥራ ስምንት። ከቤት አልወጣሁም። ኑረዲን በአጥሩ በኩል «ጋሽ ዳባ፣ ዳቦ ይበላል ወይስ ይበላል?» እያለ ያልፋል፤ አንዱን አጥብቆ አንዱን አላልቶ። ድንጋይ ፈልጌ ነበር። ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። አልሰማኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

አሥራ ዘጠኝ። አንድ ቀን ብቻ ቀረ።

ወይዘሮ እማዋይሽ መጣች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውኃ ጠየቀች።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል መጻፍ አልነበረብኝም።»

«እኔ አልተሳሳትኩም፣ ወረቀትሽ ነው የተሳሳተው» አልኳት። «ልጅ ካልተመታ ሰው አይሆንም። እኔ ተመትቼ ነው ሰው የሆንኩት።»

«የት ነው የተማሩት?»

«ቄስ ትምህርት ቤት።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

ውኃዋን ተጎነጨች። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከዚያስ ማን አስተማረዎት?»

«ውዳሴ የምትባል ተማሪ፣ በመሠረተ ትምህርት። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«ትመታችሁ ነበር?»

«እኛን? ጎረምሶች እኮ ነን! ስንሳሳት እኛም እሷም እንስቅ ነበር።»

አሁንም ተጎነጨች። ይቺ ሴት በውኃ ነው የምትከራከረው። ጣሳውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ። «አባቴ፣ እኔም መትቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ አምሳ ስምንት ልጅ ሲታጨቅ ማስመሪያ ካላነሳሁ የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ማስመሪያውን መንጠቅ ብቻ አይበቃም። ክፍሉ ወደ አርባ ይውረድ፣ መምህሩ ረዳት ያግኝ፣ የሚያነቡበት ቤት ይኑራቸው። ወላጅ ደግሞ ‹ቅጣልኝ› ማለቱን ይተው። ይህኛው ምክር ቤት እንኳን አያስፈልገውም።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ማሰሪያው ተፈትቷል።

ስትወጣ ኦብሴን አልጋ ላይ አየቻት። «ምን ሆናለች?»

«ሆዷን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ያማታል።»

«ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ?» አለች። ሄደች።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ይህን ደብተር ከጀመርኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። የሽፋኑን ውስጥ ዛሬ ነው ያየሁት። ኦብሴ የትምህርት ፕሮግራሟን ለጥፋበታለች። ማክሰኞ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሒሳብ። ሐሙስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሒሳብ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጥብቄም አላልቼም ያው ነው።

ጠራኋትና መዳፏን አየሁት። አሁን ምንም የለበትም። ግን ስይዘው ጣቶቿን አጠፈች።

ወደ ኋላ ገልጬ ሚያዝያ 18 የጻፍኩትን አነበብኩ። አደራዬን ተቀብሎኛል ብያለሁ።

ፍሮምሳም ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ለምን እንዳቆመ ጠይቄው አላውቅም። ደራርቱ ታውቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ደብዳቤውን ለማናዬ ሰጠኋት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ምሳ አቀረበችልኝ። «ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ ራሴ እወስዳታለሁ» አለች።

«እኔ ነኝ የምወስዳት። ቃሉ የእኔ ነው» አልኩ።

ከሰዓት በፍሮምሳ ሚኒባስ ገቢና ተቀምጬ ሜክሲኮ ደርሼ ተመለስኩ። ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሰው ተሳስቶ ገብቶ ሲጮህ፣ በመሃል ፍሮምሳን ጠየቅሁት። «ለምንድን ነው ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምከው?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ? ሃያ ዓመት እኮ አለፈው» ብሎ ሳቀ። መልሱን አልነገረኝም፣ እኔም አውቀዋለሁ። ወርጄ ስሄድ ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋልኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ሆዷን ያዘች። «እኔም አሞኛል» አልኳት። «አብረን እንሂድ፣ እዚያው ያመናል።»

መምህሩ ልጅ ነው፣ ፍሮምሳን አያክልም። እጁ እስከ ክርኑ ጠመኔ ነው።

«መምህር፣ በመስከረም አንድ ቃል ሰጥቼህ ነበር።»

«የቱን ቃል፣ ጋሼ?»

«ጠበቅ አድርገህ ያዛት ያልኩህን። መልሼ ልወስደው ነው። አላላው።»

ትንሽ አየኝ። «ሁሉም ወላጅ እንደዚያ ብሎኛል፣ ጋሼ። መልሶ ሊወስድ የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«እና ትመልስልኛለህ?»

ማስመሪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። «እስቲ ይዘውልኝ ይቀመጡ። ዛሬ ያለ እሱ ልሞክር።»

መጨረሻው አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀመጥኩ። አምሳ ስምንት ልጅ! አንዱ ያፏጫል፣ አንዷ የጎረቤቷን ፀጉር ትጎነጉናለች። እውነቱን ልጻፍ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማስመሪያውን ሁለት ጊዜ አነሳሁት። በሁለተኛው ኦብሴ ዞራ አየችኝ። ከእግሬ ሥር አስቀምጬ በእድር ድምፄ «ዝ…ም…ታ!» አልኩ። የቀጣዩ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ዝም አሉ። መምህሩ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

ኦብሴ ሰሌዳ ላይ ወጣች። ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ አምሳ አራት ብላ ጻፈች። ተሳሳተች። እጇን ከኋላዋ ደበቀች። መምህሩ «ልትደርሺ ነው፣ ሁለት ጨምሪ» አላት። እሷ ጨመረች።

ሃያ አልሞላም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ሆዷን አላመማትም። እኔን ነው ጉልበቴን ያመመኝ።

ከትምህርት ቤት መልስ ጡሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። ሰዉ ነጠላውን ሳይነካ ነው የወጣው፣ ለምዶኛል።

«ማንም ልጅ አይመታም!» አልኩ። አጠበቅሁት፤ መ ላይ ተኝቼበት ነው ያለፍኩት። «በመስከረም ለመምህሩ ‹ቅጣልኝ› ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ቃላችንን ልንመልስ!»

«ጋሽ ዳባ፣ ይህን ደግሞ ማን ጻፈልህ?» አለ ኑረዲን።

«ማንም። አንተም አለህበት፣ በመስከረም አብረን ነው የሄድነው።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ሠላሳ አንድ ሰው። ዳይሬክተሩ ሠልፍ መስሏቸው በሩን ሊዘጉ ነበር። ኑረዲን ተራው ሲደርስ «እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ግን ጋሽ ዳባ እንዳለው አድርግልኝ» አለ። መምህሩ ሠላሳ አንድ ሰው ጨብጦ እጁ ላይ የነበረው ጠመኔ ሁሉ ወደ እኛ ሄደ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታይ ነበር። ወረቀት አላደለችም። ወረቀቷን በአዲስ ቃል አሳትማዋለች፤ «ማንም ልጅ ላይ ዱላ አይነሳም» ይላል። እንዳየሁት ወድጄዋለሁ፣ ግን የእኔኛው ለጡሩምባ ይሻላል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ምርጫው ገና ነው፣ ፈተናው ሰኞ ነው። ኦብሴ ከአሥራ ዘጠኝ አላለፈችም። ጓሮ ያለው ጤና አዳም የሚቆርጠው አጥቶ አጥሩን አልፏል።

ዛሬ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«አካኮ፣ ደብተሬን መልስልኝ። ሒሳብ ልለማመድበት ነው።»

«አልቋል አላልሽም?»

«አላለቀም» አለች።

ከመስጠቴ በፊት ሚያዝያ 18ን ገለጥኩ። መምታት የትልቅ ሰው ሥራ ነው ያልኩትን መስመር ሰረዝኩት። በቀይ አይደለም፣ በእርሳስ። እሷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታይ ነበር፤ እርሳሱን ተቀብላኝ ከላዩ «አይመታም» ያለው ቃል ላይ፣ መ አናት ላይ፣ ሁለት ነጥብ አደረገች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሌላ ጊዜ እንዳትሳሳት።»

እኔ አልተሳሳትኩም፤ ወረቀቱ ነው። ግን ነጥቡን አላጠፋሁትም። አሥራ ሰባት ቅጠል ቀርቷል። የእሷ ነው።